ቴሌብር፣ ንግድ ባንክ ወይስ ጥሬ ብር? ኦንላይን ለሚሸጥ ሰው የክፍያ መንገዶች ሲመዘኑ

«ብሩን አስገብቻለሁ፣ ስክሪንሾቱን ልኬልሃለሁ፣ ዕቃውን ለሞተረኛው ስጠው ወንድሜ።» ጂጂ ላይ፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ወይም ፌስቡክ ላይ ስልክና ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ይህን ሳይሰማ አይከርምም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ገዢው ከፍሏል፣ ሞተረኛውም ዕቃውን ያደርሳል። እውነት ሳይሆን ሲቀር ግን ዕቃውም ብሩም የለም፣ የገዢው ስልክ አይሠራም፣ የቴሌግራም አካውንቱም ተሰርዟል።

እነዚህ መድረኮች ማስታወቂያችሁን ይለጥፉላችኋል እንጂ ገንዘቡ በእጃቸው አያልፍም። ዕቃው እስኪደርስ ብሩን ይዞ የሚቆይ መካከለኛ ስለሌለ ሻጩን የሚጠብቀው ክፍያውን የሚቀበልበት መንገድ ነው። ስለዚህ እዚህ የመተግበሪያዎቹን ውበትም ሆነ የአገልግሎት ክፍያቸውን አንመዝንም። መለኪያችን አንድ ጥያቄ ነው፦ ገዢው ምንም ሳያሳየኝ፣ በራሴ ስልክ ብቻ፣ ብሩ መግባቱን ማረጋገጥ እችላለሁ ወይ? ገዢው የሚያሳየው ሁሉ፣ የተላከ ስክሪንሾትም ሆነ ከስልኩ ላይ ዓይናችሁ እያየ የበራ «ተሳክቷል» የሚል ገጽ፣ በዚህ መለኪያ ዋጋ የለውም። ፎቶ ማስተካከል ለማንም ቀላል ነው። የባንክ መተግበሪያ መስለው የተሠሩ፣ ስምና የብር መጠን ሲሞላላቸው የተሳካ ክፍያ ገጽ የሚያወጡ ፎርጅድ መተግበሪያዎችም አሉ። የገዢውን ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ ብታዩት እንኳ ያው ነው።

ቴሌብር

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ ወዲህ ለአነስተኛና ለመካከለኛ ሽያጭ የሚቀድመው አልተገኘም። ለሻጭ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ማረጋገጫው የሚመጣበት መንገድ ግልጽ መሆኑ ነው። ብር ሲገባላችሁ መልእክቱ የሚመጣው ከ127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል መልእክት፣ ቃል በቃል የቴሌብርን ቢመስልም፣ ከሰው የተጻፈ ነው።

እውነተኛው መልእክት የብሩን መጠን፣ የላኪውን ስም በከፊል ከተሸፈነ ስልክ ቁጥሩ ጋር፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የግብይት ቁጥሩን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አዲሱን ቀሪ ሂሳባችሁን ይይዛል። ብዙ ሻጭ የብሩን መጠን አይቶ መልእክቱን ይዘጋዋል። መታየት ያለበት የመጨረሻው ቁጥር ነው። አጭበርባሪው ስማችሁንና ስልካችሁን ከማስታወቂያችሁ ላይ ያገኛል፣ ቀሪ ሂሳባችሁን ግን ከየትም አያገኝም። ወይ ይተወዋል፣ ወይ ከራሱ አፍልቆ ይጽፋል። ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሂሳባችሁን ተመልከቱ፤ 3,240 ብር ካለና ስልኩ በ18,500 ከተሸጠ ቀሪው 21,740 መሆን አለበት። ቁጥሩ ካልገጠመ የቀረውን መልእክት ማንበብ አያስፈልግም።

መልእክት ሊዘገይ ይችላል፣ በተለይ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት። አጭበርባሪም ይህን ያውቃል። «ኔትወርክ ነው፣ ሜሴጁ ይመጣል፣ እኔ ግን መኪና ይዤ ቆሜያለሁ፣ ትራፊክ ሊቀጣኝ ነው» የሚለው ጥድፊያ ራሱ የሥራው መሣሪያ ነው። መልእክት ዘገየ ማለት ብር ዘገየ ማለት አይደለም፤ ብሩ ከገባ መልእክቱ ባይመጣም ቀሪ ሂሳቡ ይቀየራል። መተግበሪያውን ክፈቱ፣ ኢንተርኔት ከሌለ *127# ደውላችሁ ቀሪ ሂሳብ እዩ። ሁለቱም እምቢ ካሉ ኔትወርክ እስኪመለስ ሽያጭ የለም። እውነተኛ ገዢ ሻይ ጠጥቶ ይጠብቃል።

ሌላው የቴሌብር ጥሩ ጎን ደረሰኙ ነው። ከ127 በመጣው መልእክት ውስጥ ሊንክ ካለ በኢትዮ ቴሌኮም ድረ ገጽ ላይ ያለውን ደረሰኝ ይከፍታል፤ የከፋዩ ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የተከፈለው መጠንና የግብይቱ ሁኔታ ተዘርዝረው ይታያሉ። ሁኔታው በእንግሊዝኛ «ኮምፕሊትድ» (ተጠናቋል) ተብሎ መመዝገብ አለበት። ገዢው በቴሌግራም የላከላችሁን ሊንክ ግን አትክፈቱ፤ የተለየ አድራሻ ላይ ተመሳሳይ ገጽ መሥራት ከባድ አይደለም።

ድክመቱ ያለው ሻጩ ራሱ ላይ ነው። ስልክ ቁጥሩ ማስታወቂያ ላይ ስለተለጠፈ፣ «ከ127 ነው የምንደውለው፣ ክፍያው ታግዷል፣ እንዲለቀቅ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» የሚል ጥሪ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ክፍያ በመላክ ፈንታ የክፍያ ጥያቄ ይልካል፤ ሻጩ ብር የሚቀበል መስሎት ፒኑን ሲያስገባ ራሱ ከፋይ ይሆናል። ብር ለመቀበል ፒንም ሆነ ኦቲፒ፣ ማለትም በመልእክት የሚመጣ የአንድ ጊዜ ኮድ፣ አያስፈልግም። ስልኩ ሚስጥር ቁጥር ከጠየቃችሁ ብር እየወጣ ነው።

ንግድ ባንክ

ዋጋው ከፍ ሲል አብዛኛው ገዢ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ሂሳብ ይጠይቃል፣ ደረሰኙም ከሁሉም የበለጠ መረጃ ይዟል። የውሸት ደረሰኝ በብዛት የሚሠራውም በዚሁ ባንክ ስም ነው፤ ሰው ሁሉ መልኩን ስለሚያውቀው።

ሲጀመር መልእክቱ ከባንኩ አጭር ስም እንጂ ከስልክ ቁጥር አይመጣም፤ የላኪውን ስም፣ የማመሳከሪያ ቁጥሩን፣ እንደ ቴሌብር ሁሉ ቀሪ ሂሳባችሁንም ይይዛል። የቀሪ ሂሳቡ ፈተና እዚህም ይሠራል። *889# ደግሞ ኢንተርኔት በሌለበት ሂሳባችሁን ያሳያችኋል።

ደረሰኙን በቅርብ ስናየው የሚያጋልጠው ክፍል የማመሳከሪያ ቁጥሩ ነው። በእንግሊዝኛው ኤፍ እና ቲ ፊደላት ይጀምርና በድምሩ 12 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። ከሁለቱ ፊደላት ቀጥለው የሚመጡት 2 አኃዞች የፈረንጅ ዓመቱ ናቸው፤ ከእነሱ ቀጥለው ያሉት 3 አኃዞች ደግሞ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። የቀሩት 5 የግብይቱ የራሱ መለያ ናቸው። ለምሳሌ ከሁለቱ ፊደላት ቀጥሎ 25045 የሚል ቁጥር የ2025 45ኛ ቀን ነው፤ ይህም ፌብሩዋሪ 14፣ በእኛ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.። ብዙ አጭበርባሪ አዲስ ደረሰኝ ከባዶ አይሠራም። የሆነ ጊዜ የተከፈለ እውነተኛ ደረሰኝ ይወስድና ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ይቀይራል። የማመሳከሪያ ቁጥሩን የሚነካው ብዙ የለም፤ ትርጉም ያለው ስለማይመስለው። ቀኑ ሰኔ የሚል ደረሰኝ የ45ኛ ቀን ቁጥር ከያዘ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ቅዳሜ ማታ፣ እሑድና በዓል ላይ ባንኩ የሚመዘግብበት ቀን አንድ ሁለት ቀን ሊዛነፍ ስለሚችል ግን በጥቂት ቀን ልዩነት ብቻ ሰው ሌባ አይባልም።

ሌላው ድምሩ ነው። ደረሰኙ የተላለፈውን ብር፣ የአገልግሎት ክፍያውንና በአገልግሎት ክፍያው ላይ የታሰበውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለየብቻ ያስቀምጣል፣ ከታች ደግሞ ከከፋዩ ሂሳብ በጠቅላላ የወጣውን። ላይ ያለውን መጠን የቀየረ ሰው ታች ያለውን ድምር ይረሳል። መጠኑ በፊደል የተጻፈበት መስመርም አለ፣ ከቁጥሩ ጋር አለመግጠሙ የተለመደ ጉድለት ነው። እነዚህ ፈተናዎች ግን ውሸቱን ለማጋለጥ እንጂ እውነቱን ለማረጋገጥ አይበቁም። ሁሉንም ያለፈ ደረሰኝ በጥንቃቄ የተሠራ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻው ቃል የሂሳባችሁ ነው።

የባንኩን የራሱን የደረሰኝ ገጽ መክፈትም ይቻላል። ሊንኩ የማመሳከሪያ ቁጥሩንና የሂሳብ ቁጥር የመጨረሻ አኃዞችን አጣምሮ የያዘ ነው፤ ወደ እናንተ ስልክ በመጣው መልእክት ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ። ገዢው የሚያሳየው ደረሰኝ ላይ ኪውአር ኮድ ካለና በራሳችሁ ካሜራ ካነበባችሁት፣ ገጹ ከመከፈቱ በፊት አድራሻውን እዩ፤ በባንኩ በራሱ የድረ ገጽ ስም የማያልቅ ከሆነ ዝጉት። ኪውአር ማንም ሰው በነጻ የሚሠራው ምስል ነው።

አንድ ሌላ ዘዴ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እውነተኛ በሆነ ክፍያ ይሠራል። ዕቃው 15,000 ነው፤ ገዢው 1,500 ይልካል። መልእክቱ ከባንኩ ይመጣል፣ የማመሳከሪያ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የላኪው ስም ትክክል ነው። የተላከው ስክሪንሾት 15,000 ይላል። ሻጩ የመልእክቱን መምጣት ብቻ አይቶ፣ ኮማውንና ነጥቡን ሳይለይ ዕቃውን ይለቃል። መጠኑን ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡ ሰዎች እምነት ለማግኘት የደንበኞቻቸውን ደረሰኝ ቻናላቸው ላይ ይለጥፋሉ። ይህን ብታቆሙት ይሻላል። የእናንተ ስም በተቀባይነት የሰፈረበት እውነተኛ ደረሰኝ ለአጭበርባሪ የተዘጋጀ ቅጽ ነው፤ ቀኑንና የከፋዩን ስም መቀየር ብቻ ነው የሚቀረው።

ከሌላ ባንክ ሲላክ

እዚህ ላይ ነው እውነተኛ ገዢና ሻጭ የሚጣሉት። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው፣ ባንኮችን በሚያገናኘው ኢትስዊች በኩል የሚተላለፍ ብር ብዙ ጊዜ ወዲያው ይደርሳል፤ አንዳንዴ ግን ከላኪው ሂሳብ ወጥቶ ተቀባዩ ጋ ሳይታይ ይቆያል። ገዢው አልዋሸም፣ ብሩ ከሂሳቡ ወጥቷል፤ ሻጩም አልተሳሳተም፣ ብሩ አልደረሰውም። በዚህ መካከል የገባ አጭበርባሪ ከእውነተኛው ሰው በምንም አይለይም።

ከጭቅጭቅ የሚያድነው አስቀድሞ መናገር ነው። ማስታወቂያው ላይ ወይም ዋጋ ላይ ስትስማሙ፣ «ከሌላ ባንክ ከሆነ ዕቃው የሚለቀቀው ብሩ ሂሳቤ ላይ ሲታይ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ይልቅ የሚሻለው ሁለት ሦስት አማራጭ መያዝ ነው፤ ቴሌብር፣ ንግድ ባንክና ገዢዎቻችሁ የሚያዘወትሩት አንድ የግል ባንክ፣ አዋሽ፣ ዳሽን ወይም አቢሲኒያ። ገዢው ካለው ባንክ ወደ እዚያው ባንክ ከላከ ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም። በዚህ ግምገማ ለስጦታ እንጂ ለሽያጭ የማንመክረው መንገድ ቢኖር፣ በማታ ሰዓት ከሌላ ባንክ የሚላክ ክፍያ ነው።

ጥሬ ብር

ጥሬ ብር አርጅቷል የሚል ሰው አለ። ፊት ለፊት ለሚደረግ ትንሽ ሽያጭ ግን አሁንም ቀላሉ ነው። 200 ብር በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከአዲሶቹ ኖቶች ጋር ሲወጣ የተጨመሩት ምልክቶች ለማንም የሚታዩ ናቸው፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት የሚወጣው የውሃ ምልክት፣ በወረቀቱ ውስጥ ያለፈው ክር፣ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው ኅትመት። ቸኩሎ ከመኪና ውስጥ፣ በምሽት፣ እሽጉን ሳይፈታ ከሚቆጥር ገዢ ተጠንቀቁ፤ ፎርጅዱ የሚገባው ከመሃል ነው። መጠኑ ከበዛ የመገናኛ ቦታው የእናንተ ባንክ ቅርንጫፍ ይሁን። ገንዘብ ያዡ በማሽን ይቆጥራል፣ ሐሰተኛ ኖት ካለም እዚያው ይለየዋል፤ ገዢው ፊት ሂሳባችሁ ውስጥ ይገባል፣ ዕቃውንም ትሰጡታላችሁ። ባንክ ውስጥ መገናኘት የማይፈልግ ገዢ ካለ፣ ለምን እንደማይፈልግ ማሰብ ይጠቅማል።

መኪና ለሚሸጥ ሰው የሚመጣው ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ ነው። ወረቀቱ ማኅተም ስላለው ሰው ያምነዋል፤ ማኅተም ግን ይሠራል። ሲፒኦውን ያወጣው ቅርንጫፍ ድረስ ሄዳችሁ፣ ገዢው በሰጣችሁ ስልክ ሳይሆን በአካል፣ እውነተኛነቱን ሳታረጋግጡና ብሩ ሂሳባችሁ ሳይገባ ሊብሬም ቁልፍም አይሰጥም። ውል የተፈረመ ቢሆንም።

ብሩ እውነተኛ ሆኖ የሚያስይዝበት

እስካሁን ያየነው ሁሉ «ብሩ ገብቷል ወይ» የሚል ነበር። ከባዱ ማጭበርበር ብሩ የምር የሚገባበት ነው፤ ምክንያቱም ሁሉንም ፈተና ያልፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጭበርባሪው የእናንተን ስልክ በ40,000 ሊገዛ ይስማማል። በዚያው ሰዓት በሌላ ማስታወቂያ፣ የሌለውን ላፕቶፕ ለሌላ ሰው በ40,000 ይሸጣል፣ ለዚያ ሰው የሚሰጠው የሂሳብ ቁጥር ግን የእናንተን ነው። የተታለለው ሰው ለእናንተ ብሩን ይልካል፤ ሂሳባችሁ ላይ እውነተኛ 40,000 ብር ይገባል፤ ስልኩን ለአጭበርባሪው ትሰጣላችሁ። ላፕቶፑ ያልደረሰው ሰው ለፖሊስ ሲያመለክት በእጁ ያለው ማስረጃ የእናንተ ስምና ሂሳብ ቁጥር ነው። ሂሳባችሁ ሊታገድ ይችላል፤ ስልኩን የወሰደው ሰው ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

መከላከያው የከፋይን ስም ማየት ነው። በመልእክቱና በደረሰኙ ላይ ያለው የላኪ ስም ፊታችሁ ከቆመው ሰው መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት። «ወንድሜ ነው የላከልኝ»፣ «የመሥሪያ ቤቴ ሂሳብ ነው»፣ «ዲሲ ያለችው እህቴ በሰው በኩል ነው የከፈለችው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። አገራችን በዘመድ የሚከፈልበት አገር ነው፣ ውጭ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ብሩን አዲስ አበባ ውስጥ በሦስተኛ ሰው እጅ መላኩ የተለመደ ነው። አጭበርባሪው ይህን ሰበብ የመረጠው ለዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን ከፋዩ ራሱ በስልክ ለምን ዕቃ፣ ስንት እንደከፈለ ይናገር፤ «ለላፕቶፕ» ካለና እናንተ የምትሸጡት ስልክ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ክፍያ ሲላክ የምክንያት ቦታው ላይ የዕቃውን ስም እንዲጽፉ ጠይቁ፣ «ሳምሰንግ ስልክ ግዢ» ብሎ መጻፍ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ዕቃውን ስትሰጡ የተረካቢውን የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ አንሱና የስልኩን አይኤምኢአይ (የእያንዳንዱ ስልክ የራሱ መለያ) ቁጥር ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ቀብድ ላይ የሚሠራው ደግሞ የዚሁ ዘመድ ነው። ገዢው 5,000 ብር ቀብድ ሊልክ ይስማማና፣ «በስህተት 50,000 ላክሁ፣ በእናትህ 45,000ውን በዚህ ቁጥር መልስልኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ምንም አልተላከም፣ መልእክቱ የውሸት ነው። ተልኮ ከሆነም የሌላ ሰው ብር ሊሆን ይችላል። ቀሪ ሂሳባችሁን ሳታዩ ምንም አትመልሱ። የምትመልሱ ከሆነ ወደ መጣበት ሂሳብ ብቻ ይሁን፤ «ወደ ሌላ ቁጥር» የሚለው ቃል ከመጣ ባንኩ ራሱ እንዲመልሰው ቅርንጫፍ ሂዱ።

ዕቃው ከሱቅ ሲወጣ

ትንንሽ ሱቆች ላይ የምናየው ድክመት ከመተግበሪያው አይደለም። መልእክቱ የሚገባው የባለቤቱ ስልክ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ መርካቶ ዕቃ እያመጣ ነው። ሱቅ ያለችው ልጅ ሰልፍ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ስክሪንሾት አይታ ትሰጣለች። አጭበርባሪ ይህን ለማወቅ አንድ ጊዜ ውሃ ገዝቶ መውጣት ይበቃዋል።

ለሱቁ ብቻ የሚሆን ሂሳብ ክፈቱና ሲሙን ካሽ ላይ በሚቀመጥ ርካሽ ስልክ ውስጥ አድርጉት። ሠራተኛዋ መልእክቱን ታያለች፣ ፒኑን ግን አታውቅም፤ ብሩን ልታይ እንጂ ልታወጣ አትችልም። የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው በቴሌብር የነጋዴ አጭር ቁጥር መውሰድ ይችላል፣ የግልና የሱቅ ብር እንዳይቀላቀልም ይረዳል። ማታ ሲዘጋ የዕለቱን ሽያጭ ከመልእክቶቹ ጋር ማመሳከር የግድ ነው፤ የጎደለውን በዚያው ቀን ካልተያዘ በሳምንቱ ማስታወስ አይቻልም።

በራይድ ወይም በፈረስ ሾፌር፣ ወይም በሞተረኛ ዕቃ ሲወሰድ፣ ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ስለ ነገሩ ምንም አያውቅም። እሱን መጠርጠር ትርፍ የለውም፤ የመኪናውን ታርጋና ስልክ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ዕቃው መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን ብሩ ሂሳብ ላይ ይታይ። ወደ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር በአውቶቡስ ለሚላክ ዕቃም ደንቡ ያው ነው፣ እንዲያውም የባሰ፤ አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ማስመለስ የለም።

አሜሪካ ለሚሸጡ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ሶፋ የሚሸጥ ሰው የሚያጋጥመው መልኩ የተለየ ነው። የዜል፣ ማለትም ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ ገንዘብ የሚላክበት የአሜሪካ አገልግሎት፣ ክፍያ ተልኳል የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ «ሂሳብዎ የንግድ ስላልሆነ ገዢው 300 ዶላር ጨምሮ ልኳል፣ እሱን መልሱለት» ይላል። ዜል እንዲህ ያለ ጥያቄ አያቀርብም፤ ብሩ ከገባ የራሳችሁ ባንክ መተግበሪያ ውስጥ ይታያል። የባንክ ቼክ ደግሞ የበለጠ ያታልላል። አሜሪካ ውስጥ ባንኩ የቼኩን ገንዘብ በሕግ በተወሰነ አጭር ጊዜ ውስጥ እንድትጠቀሙበት ይለቅቃል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ገንዘቡ ከእናንተ ይወሰዳል። «ሂሳቤ ላይ ታይቷል» የሚለው መለኪያችን ለቼክ አይሠራም። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በብር ተከፍሎ ውጭ በዜል ዶላር መቀበልም ሕጋዊነቱ ይቅርና፣ ከተሰረቀ የባንክ ሂሳብ የተላከ ሆኖ ከተገኘ ዶላሩ ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል።

ከተበላ በኋላ

የመጀመሪያው ሰዓት ከሁሉም ይበልጣል። ንግድ ባንክ በ951፣ ቴሌብር በ127፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይገኛሉ። ብር ከእናንተ ሂሳብ ወጥቶ ከሆነ የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ደውሉ፤ ተቀባዩ ሂሳብ ላይ ብሩ ሳይወጣ ከደረሱበት የማገድ ዕድል አለ። ዕቃ ብቻ ከሄደ ባንክ የሚይዘው ነገር የለም፣ ወደ ፖሊስ ነው። ቻቱን አትሰርዙ፣ አጭበርባሪውንም ተሳድባችሁ አታባርሩት፤ ቴሌግራም ላይ በሁለቱም ወገን ሊሰርዘው ስለሚችል መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሱ፣ የተጠቃሚ ስሙና ስልክ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽ ጭምር። የውሸቱ መልእክት የመጣበትን ቁጥር፣ የውሸቱን ደረሰኝ፣ በዚያ ሰዓት ብሩ አለመግባቱን የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ ከባንክ አውጡ። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ ጉዳዩ «የብድር ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» እንዳይባል፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል መሆኑንና የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚመለከተው በማመልከቻው ላይ ጻፉ። ስልክ ከሆነ የተሸጠው የአይኤምኢአይ ቁጥሩን ጨምሩ፤ ስልኩን ለገዢው ስትሰጡ ቁጥሩን የጻፋችሁት ለዚህ ነው።